ርዕሱ «&» ላይ ይቆረጥብኛል፤ ሊንክ ውስጥ ኢንኮድ የሚደረገው መቼና የትኛው ክፍል ነው?

አዲስገቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የድምፅና የምስል ቅጂዎችን በርዕሳቸው የሚፈልግ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ርዕስ ሲነካ በዚያ ርዕስ የሚፈልግ ሊንክ ይከፈታል፤ ሊንኩን የማዘጋጀውም የገጹን አድራሻ፣ «?ርዕስ=» የሚለውንና ከዳታቤዙ የመጣውን ርዕስ እንዲሁ በመቀጣጠል ነው። አብዛኛው በደንብ ይሠራል። «ድምፅ & ምስል» የሚለው ርዕስ ሲነካ ግን ሰርቨሩ ዘንድ የሚደርሰው «ድምፅ» ብቻ ነው፤ «ክፍል #3» የሚለውም «ክፍል» ላይ ይቀራል።

መጀመሪያ ሙሉውን ሊንክ ኢንኮድ በሚያደርገው፣ ማለትም ልዩ ምልክቶችን በፐርሰንት ምልክትና በቁጥር በሚተካው፣ የጃቫስክሪፕት ፋንክሽን «ኢንኮድዩአርአይ» አሳለፍኩት። ክፍት ቦታው %20 ሆነ፣ «&» ግን እንዳለ ቀረ። ቀጥሎ በ«ኢንኮድዩአርአይኮምፖነንት» ሞከርኩት፤ በዚህ ጊዜ ስላሹም፣ ሁለት ነጥቡም፣ የጥያቄ ምልክቱም ሳይቀሩ ተለወጡና አሳሹ ሊንኩን እንደ አንድ ረጅም የፋይል ስም ቆጠረው። በመጨረሻ ርዕሱን ብቻ ለይቼ ኢንኮድ ካደረግኩ በኋላ ለጥንቃቄ ሙሉውን እንደገና በመጀመሪያው ሳሳልፈው %2520 የሚል ነገር ብቅ አለ፤ በፍለጋ ሳጥኑም ላይ ተጠቃሚው በርዕሱ ፋንታ እንደ %20 እና %26 ባሉ ኮዶች የተሞላ ጽሑፍ ያያል። ከሦስቱ የትኛው ነው ወደ ትክክለኛው የሚቀርበው?

ሰርቨር_ጠባቂ፦

ሦስተኛው ይቀርባል፣ የመጨረሻውን እርምጃ ባይጨምሩበት ኖሮ። ከሦስቱም ሙከራዎች በስተጀርባ ያለው ስሕተት አንድ ነው፤ ኢንኮድ ያደረጉት ክፍሎቹ ከተገጣጠሙ በኋላ ነው።

የድረ ገጽ አድራሻ አጻጻፍን የሚደነግገው እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው አርኤፍሲ 3986 የተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ምልክቶችን በሁለት ይከፍላል። በአንድ ወገን የትም ቢገቡ ችግር የማያመጡት 66ቱ አሉ፤ እነሱም 52ቱ ትልልቅና ትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ አሥሩ አሃዞች፣ እንዲሁም - . _ ~ ናቸው። በሌላ ወገን የአድራሻውን ክፍሎች ለመለየት የተጠበቁት 18 ምልክቶች አሉ፦ : / ? # [ ] @ ! $ & ' ( ) * + , ; = ናቸው። ከእነዚህ ውጭ ያለው ሁሉ፣ ክፍት ቦታም ሆነ የግዕዝ ፊደል ወይም የጥቅስ ምልክት፣ በባይት ተቆርሶ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት የአሥራ ስድስት መሠረት አሃዞች ይጻፋል። ለዚህ ነው ክፍት ቦታ፣ የባይት ዋጋው 32 ሆኖ ሳለ፣ %20 የሚሆነው።

አስቸጋሪዎቹ 18ቱ ናቸው፤ ሁለት ሕይወት አላቸውና። ሰርቨሩ «ርዕስ=ድምፅ & ምስል&ገጽ=2» የሚል ሲደርሰው ከሁለቱ «&» የትኛው የርዕሱ አካል እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ርዕሱን ከገጹ ቁጥር የሚለይ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ሁለቱንም እንደ መለያ ቆጥሮ «ምስል» የሚባል ባዶ መስክ ይፈጥራል። በሊንኩ ላይ ኢንኮድ የሚያደርግ ፋንክሽንም ቢሆን፣ ሙሉውን ሊንክ ከሰጡት፣ ያው እንቆቅልሽ ይገጥመዋል፤ «ኢንኮድዩአርአይ» ሁለቱንም ይተዋቸዋል፣ «ኢንኮድዩአርአይኮምፖነንት» ሁለቱንም ይለውጣቸዋል፣ አንዱን ትቶ ሌላውን ሊለውጥ ግን አይችልም። የሚለየው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እርስዎም ቢሆኑ የሚለዩት ርዕሱ ገና ለብቻው በእጅዎ ሳለ ነው።

የ«#» ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ከሃሽ በኋላ ያለውን አሳሹ ወደ ሰርቨር ጨርሶ አይልከውም፤ ገጹ ላይ ቦታ ለማመልከት ለራሱ ያስቀረዋል። «3» ቁጥርን በሰርቨሩ መዝገብ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ቢፈልጉት አያገኙትም።

ስለዚህ ርዕሱን ብቻ በ«ኢንኮድዩአርአይኮምፖነንት» ያሳልፉ፣ ከዚያ ይገጣጥሙ፣ ከዚያ በኋላ አይንኩት። የሚያገኙት «ርዕስ=ድምፅ%20%26%20ምስል&ገጽ=2» ይሆናል። የግዕዝ ፊደሎቹን ለንባብ እንዲያመች እንዳሉ ትቻቸዋለሁ እንጂ እነሱም ይለወጣሉ። %2520 ያዩት የፐርሰንት ምልክት ራሱ %25 ተብሎ ስለሚጻፍ ነው፤ %20 ውስጥ ያለው «%» ሁለተኛ ጊዜ ሲለወጥ %2520 ይሆናል።

አዲስገቢ፦

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ርዕሱን ለይቼ አንድ ጊዜ ብቻ ሳደርገው ሁለቱም ርዕሶች በትክክል ደረሱ። ነገር ግን ሌላ ነገር አስተዋልኩ። ከእኔ በፊት በእጅ ከተጻፉ አሮጌ ሊንኮች «1+1 ልምምድ» የሚለው ርዕስ «1 1 ልምምድ» ሆኖ ይደርሰኛል። ባልደረባዬ በፒኤችፒ (በሰርቨር ላይ በሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ) ከሠራው ገጽ የሚመጡት ሊንኮች ደግሞ በ%20 ፋንታ + አላቸው፤ ግን ይሠራሉ። እኔም እንደ እሱ በ+ ብተካው ይሻላል ብዬ የፋይል ስም ባለበት ሊንክ ላይ «ቅጂ/ክፍል+3» ብዬ ብጽፍ ሰርቨሩ 404 («አልተገኘም») መለሰልኝ። የመደመር ምልክት ምን ማለት ነው?

ፎርም_ሠሪ፦

የመደመር ምልክት እንደቆመበት ቦታ ትርጉሙ ይለያያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከጥያቄ ምልክቱ በፊት፣ ማለትም በመንገዱ ክፍል፣ + ማለት + ነው፤ ሰርቨሩ የፈለገው ስሙ ውስጥ የመደመር ምልክት ያለበትን ፋይል ነው፣ እንዲህ ያለ ፋይል ደግሞ የለዎትም። ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ግን አብዛኛው ሰርቨር + ያለበትን እንደ ክፍት ቦታ ያነበዋል። ይህ የመጣው ከአርኤፍሲ 3986 ሳይሆን ከኤችቲኤምኤል ፎርም አላላክ ነው፤ ፎርም ሲላክ ክፍት ቦታ በ+ ይተካል፣ እውነተኛው የመደመር ምልክት ደግሞ ኢንኮድ ይደረጋል።

እንግዲህ በእጅ የተጻፈው «1+1» ሰርቨሩ ዘንድ ሲደርስ «አንድ፣ ክፍት ቦታ፣ አንድ» ሆነ ማለት ነው። የባልደረባዎ ገጽ የተጠቀመው የፒኤችፒውን «ዩአርኤልኢንኮድ» ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ የፎርሙን ደንብ ይከተላል። «ሮውዩአርኤልኢንኮድ» የሚባለው ግን %20 ይሰጣል። በፓይተንም «ኮት» እና «ኮት ፕላስ» በዚሁ ልዩነት ተለያይተው ተቀምጠዋል፤ በነገራችን ላይ «ኮት» ካልከለከሉት በስተቀር ስላሽን እንዳለ ስለሚተው፣ ዋጋው ውስጥ ስላሽ ሊኖር የሚችል ከሆነ ያንን ማጥፋት እንዳይረሱ። የጃቫስክሪፕቱ «ዩአርኤል ሰርች ፓራምስ» ደግሞ የሚጽፈው በ+ ነው።

እኔ ለራሴ የያዝኩት ልማድ ሁልጊዜ %20 መጻፍ ነው። %20 በመንገዱም በፍለጋው ክፍልም አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ + ግን ሊንኩን የሚያነበው ፕሮግራም የትኛውን ደንብ እንደሚከተል አስቀድሞ ማወቅን ይጠይቃል።

ፈጣን_እጅ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና ነገሩን ያካበዳችሁት መሰለኝ። እኔ ለዓመታት የሠራሁት «&» ያለበትን በ%26፣ «#» ያለበትን በ%23 በመተካት ብቻ ነው። ክፍት ቦታንም ሆነ የአማርኛ ፊደልን አሳሹ ራሱ ያስተካክለዋል። ለሁለት ምልክት ብሎ ፋንክሽን መምረጥና ደንብ ማጥናት ያስፈልጋል?

ሰርቨር_ጠባቂ፦

አሳሹ ክፍት ቦታንና የግዕዝ ፊደልን የሚያስተካክለው ሌላ ትርጉም ስለሌላቸው ነው፤ ከዚያ ያለፈውን መገመት አይችልም። ደግሞም ሊንክዎን የሚያነበው አሳሽ ብቻ አይደለም፤ የኢሜይል ፕሮግራም፣ የመልእክት መተግበሪያና ሌላ ሰርቨርም ያነቡታል፣ እነሱ ክፍት ቦታው ላይ ሊንኩን ቆርጠው የቀረውን እንደ ተራ ጽሑፍ ሲተዉት በተደጋጋሚ ያጋጥማል።

በእጅ መተካትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ «%» የሚለውን ምልክት መቼ ይተካሉ? «100% ድምፅ & ምስል» የሚል ርዕስ ቢመጣ፣ ካልተኩት ሰርቨሩ ከፐርሰንቱ ቀጥሎ ሁለት የአሥራ ስድስት መሠረት አሃዞች ይጠብቅና ሌላ ነገር ያገኛል፤ ጃቫስክሪፕት በዚህ ጊዜ ስሕተት ጥሎ ይቆማል፣ ፒኤችፒና ፓይተን ግን እንዳለ ያልፉታል፤ አንዳንድ ሰርቨር ደግሞ ጥያቄውን በ400 («የተሳሳተ ጥያቄ») ይመልሰዋል። ከ«&» በኋላ ከተኩት ቀድሞ የሠሩት %26 ወደ %2526 ይለወጣል። መተካት ያለበት ከሁሉም በፊት ነው፤ ይህንን ቅደም ተከተል ከስድስት ወር በኋላ ኮዱን የሚነካው ሰው ያስታውሰዋል ብዬ አላምንም። ጃቫስክሪፕት ላይ ከሆኑ ደግሞ «ሪፕሌስ» ተራ ጽሑፍ ሲሰጡት የመጀመሪያውን ብቻ ተክቶ እንደሚያቆም አይዘንጉ፤ ሁለት «&» ያለበት ርዕስ እስኪመጣ ድረስ ስሕተቱ ተደብቆ ይቆያል።

ፊደል_ቆጣሪ፦

በግዕዝ ፊደላት ስለምንጽፍ እኛን በተለይ የሚመለከት ነገር ልጨምር።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደላትን በቁጥር በሚመዘግበው ሥርዓት) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው 3.0 እትም ጀምሮ ነው። የዩኒኮድን ቁጥሮች ወደ ባይት በሚለውጠው በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ ዋናው የፊደል ሠንጠረዣችን ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ለምሳሌ «ሀ» 225፣ 136 እና 128 ነው። ሊንክ ውስጥ እያንዳንዱ ባይት ሦስት ቦታ ስለሚይዝ አንድ ፊደል ዘጠኝ ቦታ ይሆናል። «ድምፅ» የሚለው የሦስት ፊደል ቃል 27 ቦታ ይፈጃል ማለት ነው። ከአድራሻ ሳጥኑ ላይ በአማርኛ የሚነበብ ሊንክ ገልብጠን ሌላ ቦታ ስንለጥፈው የፐርሰንት ጫካ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሊንኩ አልተበላሸም፣ አሳሹ ለዓይናችን ብሎ ፈትቶ ያሳየናል እንጂ ውስጡ ድሮም ያው ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ምስጠራ ይቆጥረዋል፤ ማንም ሰው መልሶ ሊፈታው ስለሚችል የሚደብቀው ነገር የለም።

ሁለተኛው ነገር ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ድምፅ» እና «ድምጽ» ለአንባቢ አንድ ቃል ናቸው፤ ለሰርቨር ግን የተለያዩ ናቸው። የ«ፅ» ባይቶች 225፣ 141፣ 133 ሲሆኑ የ«ጽ» 225፣ 140፣ 189 ናቸው። ኢንኮዲንጉ ፍጹም ትክክል ሆኖ ሊንኩ «አልተገኘም» የሚልበት ጊዜ ካለ መጀመሪያ የምመረምረው ይህን ነው፤ ሀና ሐን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐንም ጭምር። ይህንን ኢንኮዲንግ አያስተካክለውም። ሰርቨሩ ፍለጋውን ከማካሄዱ በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ማምጣት አለበት።

ሦስተኛው ሥርዓተ ነጥብ ነው። ሊንክን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ጽፈን አራት ነጥብ ስናስከትልበት፣ ጽሑፍን በራሳቸው ወደ ሊንክ የሚለውጡ ፕሮግራሞች የላቲኑን ነጥብ ትተው «።» የሚለውን ግን የሊንኩ አካል አድርገው ይወስዱታል። «ን» ወይም «ላይ» ስናጣብቅበትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከሊንክ በኋላ ክፍት ቦታ መተው ይገባል፣ ለአማርኛ አጻጻፍ ባያምርም። የግዕዙ «፡» እና የላቲኑ «:» በዓይን ቢመሳሰሉም የተለያዩ ምልክቶች ስለሆኑ አድራሻ መጀመሪያ ላይ የገባ «፡» ሊንኩን ገና ከመነሻው ያሰናክለዋል።

አንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ። በአንድ ወቅት በተረከብኩት ገጽ ላይ ተጠቃሚዎች «ድምፅ» ብለው ሲፈልጉ መዝገቡ ውስጥ የሚታየኝ «&#4853;&#4637;&#4933;» ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ገጹ ራሱን ያስተዋወቀው በዩቲኤፍ-8 ሳይሆን ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች በተሠራ አሮጌ ኢንኮዲንግ ነበር፤ አሳሹም የፍለጋውን ክፍል በገጹ ኢንኮዲንግ ለመጻፍ ሲሞክር ፊደሎቹን እዚያ ስላጣቸው በዩኒኮድ ቁጥራቸው ተካቸው። 4933 የ«ፅ» ቁጥር ነው። ገጹ ራስ ላይ ዩቲኤፍ-8 ብሎ ማወጅ ብቻ በቂ ሆነ።

አዲስገቢ፦

የሞክሼ ፊደላቱን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር፤ ዳታቤዙን ስፈትሽ ሁለቱም አጻጻፎች ተቀላቅለው አገኘሁ። አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ተጠቃሚው ሳይገባ የፍለጋ ሊንክ ሲከፍት ወደ መግቢያ ገጹ እወስደዋለሁ፤ ከገባ በኋላም ወደነበረበት እንዲመለስ የፍለጋውን ሊንክ «ተመለስ» በሚል መስክ ውስጥ አስገብቼ እልካለሁ። እዚህ ላይ ሊንክ ውስጥ ሊንክ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ኢንኮድ ይደረጋል ከተባለ ውስጠኛው ቀድሞ ስለተደረገ እንዲሁ ብተወው፣ ከገባ በኋላ የገጹ ቁጥር ይጠፋል።

ሰርቨር_ጠባቂ፦

«ከዚያ በኋላ አይንኩት» ያልኩት ለእርስዎ የመጀመሪያ ጉዳይ ልክ ነበር፤ ለዚህኛው ግን ያሳስታል፣ ስለዚህ ላርመው። ኢንኮድ የሚደረገው በእያንዳንዱ እርከን አንድ ጊዜ ነው። የፍለጋው ሊንክ ተሟልቶ ካለቀ በኋላ ለመግቢያው ሊንክ የሚታየው እንደ ማንኛውም ጽሑፍ፣ እንደ አንድ ርዕስ ነው፤ ስለዚህ ሙሉው፣ ውስጡ ያለው %26 ሳይቀር፣ እንደ ዋጋ ኢንኮድ ይደረጋል።

በቅርብ እንየው። መጀመሪያ ርዕሱ «ድምፅ%20%26%20ምስል» ይሆናል። ከዚያ «ፈልግ?ርዕስ=ድምፅ%20%26%20ምስል&ገጽ=2» ተብሎ ይገጣጠማል። ይህ ሙሉው አሁን ሁለተኛ ጊዜ ያልፋል፤ ርዕሱ ውስጥ የነበረው %26 ወደ %2526፣ ርዕሱን ከገጹ ቁጥር የሚለየው «&» ደግሞ ወደ %26 ይለወጣል። ይህን ውጤት «?ተመለስ=» ላይ ይቀጥሉታል። የመግቢያው ገጽ አንድ እርከን ሲፈታ የፍለጋው ሊንክ ከነ%26 ተመልሶ ይገኛል፤ የፍለጋው ገጽ ሁለተኛውን ሲፈታ ርዕሱ ከነ«&» ይወጣል። የእርስዎ ገጽ ቁጥር የጠፋው ኢንኮድ ያልተደረገው «&ገጽ=2» የመግቢያው ሊንክ መስክ ሆኖ ስለተቆጠረ ነው።

እንግዲህ %25 ባዩ ቁጥር ስሕተት ነው ብለው አይደምድሙ። መጀመሪያ ስንት እርከን እንዳለ ይቁጠሩ፤ የ%25 ብዛት ከዚያ ጋር ከተስማማ ልክ ነው። ሌላው፣ «ተመለስ» ውስጥ የመጣው አድራሻ የእርስዎ ገጽ መሆኑን ሰርቨሩ ላይ ሳያረጋግጡ ተጠቃሚውን እንዳይልኩት፤ ያለዚያ ማንም ሰው በእርስዎ ስም የሚጀምርና ወደ ራሱ ገጽ የሚያደርስ ሊንክ ሊሠራ ይችላል።

ፎርም_ሠሪ፦

እርከን ከተነሳ ኤችቲኤምኤልም አንድ እርከን መሆኑ አይረሳ። ተገጣጥሞ ያለቀውን ሊንክ በኤችቲኤምኤል ኮድ ውስጥ በጥቅስ መካከል ሲያስቀምጡት መስኮቹን የሚለየው «&» ሁሉ በ«&#38;» መጻፍ አለበት፤ በኤችቲኤምኤል «&» የልዩ ምልክት መጀመሪያ ነውና። አሳሹ ገጹን ሲያነብ መልሶ «&» ያደርገዋል፣ ሰርቨሩ ዘንድም የሚደርሰው እሱ ነው። %26 እና &#38; እንደማይተካኩ ልብ ይበሉ፤ የመጀመሪያው «ይህ የርዕሱ አካል ነው» ይላል፣ ሁለተኛው «ይህ መለያ ነው፣ ግን ኤችቲኤምኤል ውስጥ ስለሆንኩ በዚህ ልብስ መጥቻለሁ» ይላል። ገጹን በቴምፕሌት (ዋጋዎች በሚሞሉበት የገጽ ቅርጽ) የሚሠሩ ከሆነ ይህንን አብዛኛውን ጊዜ ቴምፕሌቱ ራሱ ያደርገዋል፤ በእጅዎ ደርበው እንዳያደርጉት።

የድረ ገጹ ስም ራሱ በግዕዝ ከሆነ ደግሞ በፐርሰንት አይጻፍም፤ ለእሱ ፑኒኮድ የሚባል ሌላ ሥርዓት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በአርኤፍሲ 3492 የተደነገገ ነው። አሳሹ ስለሚሠራው አይጨነቁበት።

አዲስገቢ፦

ሁሉንም አስተካክዬ ተመለስኩ። የመግቢያው ነገር እንደተባለው በሁለት እርከን ሠራ። «100% ድምፅ & ምስል» የሚለውን ርዕስ ግን ሆን ብዬ ብሞክረው እንደገና ስሕተት ጣለ፤ ሊንኩ ላይ ብፈልግ ምንም ጉድለት የለም፣ %25 በትክክል ተቀምጧል። በመጨረሻ ችግሩን ያገኘሁት ሰርቨሩ ላይ ነው። የምጠቀምበት ፍሬምወርክ (ዝግጁ የፕሮግራም ማዕቀፍ) ርዕሱን ፈትቶ ይሰጠኛል፤ እኔ ደግሞ በዚያ ላይ፣ በመጀመሪያው ቀን የ%2520ን ችግር ለማለፍ ብዬ፣ ሌላ የመፍቻ መስመር ጨምሬ ረስቼዋለሁ። የመጀመሪያው ፍቺ «100% ድምፅ» ብሎ ሰጠ፤ የእኔው መስመር ያንን የፐርሰንት ምልክት እንደገና ሊፈታ ሲሞክር ወደቀ።

ዳታቤዙ ውስጥም በዚያው ሰሞን ኢንኮድ እንደተደረጉ የገቡ ጥቂት ርዕሶች ነበሩ። «እስኪያልቅ ደጋግሞ ይፍታ» የሚል ኮድ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ከርዕሶቹ መካከል ስለ ሊንክ አጻጻፍ የሚያስተምር «%20 ምንድን ነው?» የሚል ቅጂ ስላለ ግን ተውኩት፤ እሱ ቢፈታ ርዕሱ በባዶ ይጀምር ነበር። አንድ በአንድ አይቼ በእጄ አስተካከልኳቸው፣ ከእንግዲህ ዳታቤዙ ውስጥ የሚገባው ርዕሱ እንደተጻፈ ብቻ ነው። የመፍቻ መስመሩንም ሰረዝኩት፤ «100% ድምፅ & ምስል» ተከፍቷል።